ላሊበሎች፦ ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ላይ የሚያዜሙ የሰሜን ሸዋ ድምፃውያን

ገና ሳይነጋ ደጃፍ ላይ ቆመው የቤቱን ባለቤት በስሙ እየጠሩ የሚያዜሙ ሰዎች ላሊበላ ይባላሉ። አሚና የሚሏቸውም አሉ። በወሎም በሸዋም የታወቁ ናቸው። ከሰሜን ሸዋ ገጠር ተነስተው አዲስ አበባ ድረስም ይዘልቃሉ። ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል።

ብዙ ሰው ከአዝማሪ ጋር ያምታታቸዋል። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ድግስ ቤት ይገባል። ላሊበላ ደግሞ ባብዛኛው ያለ መሣሪያ ነው የሚያዜመው። ታዳሚውም ገና ከብርድ ልብሱ ያልወጣ ሰው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያዜሙት ባልና ሚስት ሆነው ነው። እሱ ግጥሙን ይደረድራል፣ እሷ ዜማውን ትቀበላለች። አንዳንዴ ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው ይሄዳሉ። ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ የተጠና አይደለም። ከጎረቤት ተጠይቆ የተገኘ ወሬ እዚያው ዜማ ላይ ይገባል፦ የባለቤቱ ስም፣ ሥራው፣ ልጆቹ። ሰውዬው በጨለማ ስሙን ከነሙገሳው ሲሰማ እንዴት ዝም ብሎ ይተኛል? ከሰጠ ምርቃቱ ይዘንብለታል። ካልሰጠ ወይም ከዘገየ ሙገሳው ወደ ነቆራ ይዞራል። ውዳሴው፣ ልመናው፣ ፌዙና ምርቃቱ ሁሉ የእነሱው ሥራ ነው። ልመና ብቻ ብሎ ማለፍ፣ በእኔ እይታ፣ ሙያውን ማሳነስ ነው። ይሄ ሙዚቃዊ ቲያትር ነው።

ድምፁም ቀላል ሥራ አይደለም። የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክሮፎን ይዘፍናል ብለን እናደንቃለን፤ ግን እሱ ድምፅ የሚያስተጋባ አዳራሽ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። መንዝም በብርዱ ከዚያ አይሻልም። በዚያ ውርጭ ደረቁ አየር ጉሮሮ ያደርቃል፣ ድምፁም በተዘጋ በርና ግድግዳ ውስጥ ማለፍ አለበት። አንዱ ቤት ሲያበቃ ደግሞ ሌላው ይቀጥላል።

ለምን ማዜሙን አይተዉም? ላሊበሎቹ ራሳቸውም ሆኑ ሌላው ሰው የሚያነሱት እምነት አለ፦ ማዜሙን ከተዉ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይባላል። የሥጋ ደዌ ግን እ.ኤ.አ. በ1873 ሐንሰን የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም ያገኘው ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው። ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። ያም ሆኖ እምነቱ ቤተሰቡን ከሙያው ጋር አስሮ አቆይቷል። መገለሉም አብሮ መጥቷል፤ ይሄ ያሳዝናል።

ለአዝማሪዎች በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ማኅበር የከተማ መድረክ ከፍቶላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሬዲዮውም ሸክላውም ተከተለ። የላሊበላ ጥበብ ግን ከደጃፍ ብዙም አልራቀም።

ደጃፉም ቢሆን እየተለወጠ ነው። ግቢው በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ዘበኛና ውሻ አለው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤቱን ስም የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስም ካልተገኘ ደግሞ «ጌታዬ»፣ «እመቤቴ» እያሉ መጀመር ነው። ያኔ ግጥሙ ለማንም የሚሆን ሙገሳ ይሆናል፤ ተኝቶ የሚሰማውም ሰው ስሙ ስላልተጠራ ላለመነሳት ሰበብ ያገኛል።