ሸክላን ቤት ውስጥ ወደ ዲጂታል መቅዳት

ሸክላ ወደ ዲጂታል ሲቀዳ የድምፁ ጥራት በአብዛኛው የሚለየው ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ነው። መርፌው ከቦዩ (ድምፁ ከተቀረጸበት የሸክላው ጭረት) ያላነሳውን ድምፅ የትኛውም ፕሮግራም አያመጣውም። ስለዚህ ብር ካለ መጀመሪያ ለመርፌ ይውጣ።

የኢትዮጵያው ሙዚቃ አሳታሚ አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ካሳተማቸው ሸክላዎች አብዛኞቹ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ናቸው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን። ዛሬ እጅ ላይ የሚገኙት ብዙ የተደመጡና አቧራ የጠገቡ ናቸው። መታጠብ አለባቸው። የተጣራ ውሃ (ዲስቲልድ)፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁ ቦዩን ተከትሎ በክብ ይሄዳል፤ መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ ይጠንቀቁ። በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ አቁሞ ማድረቅ ነው። ባለ 78 ዙሮቹ የድሮ ሸክላዎች ግን አልኮል ፈጽሞ አይንካቸው፤ ያሟሟቸዋል።

የአልማዝ መርፌ እንደ ዓይነቱ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ያገለግላል። ያለቀ መርፌ ድምፁን ማበላሸት ብቻ ሳይሆን ሸክላውንም ይበላል። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው፤ አምራቹ የጻፈውን ማየት ይሻላል። በጣም ማቅለልም ይጎዳል፣ መርፌው እየዘለለ ቦዩን ይመታዋል። ርካሾቹ የሻንጣ ማጫወቻዎች ለጌጥ ያምራሉ፤ ብርቅ ሸክላ ግን አይሰጣቸውም።

ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ማጉያ ይህን ይገለብጠዋል፤ ከካርትሪጁ (መርፌውን ከያዘው ክፍል) የሚመጣውን ጥቂት ሚሊቮልትም ያጎላዋል። ያለ እሱ ድምፁ ሲቀዳ የሳሳና ደካማ ይሆናል። «እምምም» የሚል ድምፅ ከተሰማ የማጫወቻው የመሬት ሽቦ በትክክል መታሰሩን ማየት ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መቅዳትም ብዙ ጊዜ ይገላግላል።

የዓለም አቀፉ የድምፅ መዛግብት ማኅበር ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና) እና ለእያንዳንዱ ናሙና 24 ቢት ይመክራል። ቦታ ካለ 96 ኪሎኸርዝ ይሻላል፤ በስቴሪዮ በደቂቃ 35 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጉ። ጣሪያ የነካ ድምፅ አለቀለት። ለመቅጃ በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም በቂ ነው።

ሸክላው ሞኖ (በግራም በቀኝም ያው አንድ ድምፅ) ከሆነ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። በስቴሪዮ ይቀዳና ሁለቱ መስመሮች፣ የግራውና የቀኙ፣ ይደመራሉ። መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነቃንቀው ጫጫታ እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ዘፈኑ ይቀራል። የቦዩ አንዱ ግድግዳ ክፉኛ ከተበላ ደግሞ የሌላውን መስመር ብቻ መውሰድ ይቻላል።

ጫጫታ ማጥፊያው ላይ ብዙዎች እጃቸው አያርፍም። «ጠቅ ጠቅ» የሚለውን አንድ በአንድ ማንሳት ምንም አይደል። አጠቃላይ ማጽጃው ሲበዛ ግን የሳክስፎኑ ትንፋሽ አብሮ ይሄዳል፤ እኔ ትንሽ «ሽሽሽ» ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ። ደግነቱ ጥሬው ቅጂ ድምፁን በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዋቭ ወይም በፍላክ፣ ከተቀመጠ ሁሌም እንደገና ይሞከራል። ፋይሉ ላይ ከዘፋኙ ስም ጋር የሸክላው ቁጥርና ገጹ ይጻፍ፤ ያው ዘፈን በሌላ ቅጂ ሲገኝ ለማነጻጸር ይረዳል።