በተከፈቱ ፋይሎች መካከል መቀያየሪያ የኪቦርድ አቋራጮች፦ ለሰሜን ሸዋ ጸሐፊዎችና ፕሮግራመሮች

የፋይል መቀያየሪያ አቋራጭ የሚባለው፣ በጽሑፍ ኤዲተር ውስጥ ከተከፈተ አንድ ፋይል ወደ ሌላው እጅን ከኪቦርድ ሳያነሱ ለመሻገር የሚጫኑት የቁልፎች ጥምረት ነው። በሰሜን ሸዋ በየዕለቱ የሚያስፈልገው በተለይ ለሁለት ወገኖች ነው። አንደኞቹ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ኮድ የሚጽፉ ተማሪዎች። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲዋ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኮምፒውተር ትምህርት ከተማም ሆናለች።

በጽሕፈት ቤቶች

እዚህ ሥራው በአብዛኛው በወርድ ነው። የቆየ የኪራይ ውል ተከፍቶ ስምና ቀኑ እየተቀየረ ወደ አዲሱ ይገለበጣል፤ ባለጉዳዩም አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። በወርድ ሰነዶች መካከል የሚያሻግረው ኮንትሮልና ኤፍ 6 ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ ኤንም አብሮ መጫን አለበት። ኮንትሮልና ታብ ግን በወርድ ሰነድ አይቀይርም፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ከተጫኑት የታብ ክፍተት ያስገባል። ስለዚህ አብዛኛው ጸሐፊ ኦልትና ታብን ይመርጣል። እሱ ግን የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ሁሉ ስለሚያዞር፣ መስኮቶች ሲበዙ ያዘገያል።

በኮድ ኤዲተሮች

ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ (እ.ኤ.አ. 2003) በኮንትሮልና ታብ ይቀያይራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድና ከእሱ የሚቀድመው ሰብላይም ቴክስት በዚህ ረገድ ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ኮንትሮልና ታብ የሚወስደው በቅርቡ ወደነበሩበት ፋይል ነው፤ ኮንትሮልና ፔጅ ዳውን ደግሞ ታቦቹ (ከላይ የተከፈቱት ፋይሎች ስም የሚታይባቸው ትሮች) በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ወደሚቀጥለው ያሻግራል። የትኛው እንደሚሻል ተጠቃሚዎች አይስማሙም። ፋይሎቹ ሁለት ሲሆኑ የመጀመሪያው እንደሚፈጥን ግን አያከራክርም። ፋይሎቹ ከአሥር ካለፉ ኮንትሮልና ፒ ተጭኖ የስሙን ጥቂት ፊደላት መጻፍ ከሁሉም ይቀላል።

ቪም አብሮት የሚመጣው መመሪያ እጅግ የተሟላ ስለሆነ እዚህ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ይህ ኤዲተር የተከፈተን ፋይል «በፈር» ብሎ ይጠራዋል። ኮለን፣ ኤል፣ ኤስ ተጽፎ ኢንተር ሲጫን የበፈሮቹ ዝርዝር ከነቁጥራቸው ይወጣል፤ አሁን ያሉበት በፐርሰንት ምልክት፣ ከእሱ በፊት የነበሩበት በሃሽ ምልክት ይለያል። ኮለን፣ ቢ እና 3 በዝርዝሩ ቁጥሩ 3 ወደሆነው ይወስዳል። በቁጥሩ ፈንታ የስሙን ቁራጭ ቢጽፉም ይሠራል። ኮለን፣ ቢ፣ ኤን ወደፊት፣ ኮለን፣ ቢ፣ ፒ ወደኋላ ነው። ከሁሉም ጠቃሚው ኮንትሮልና 6 ነው፤ በሁለት ፋይሎች መካከል በአንድ ምት ያመላልሳል። ያልተቀመጠ ለውጥ ካለ ግን ቪም በነባሪ ቅንብሩ አላሻግርም ይላል፤ «ሂደን» የተባለውን አማራጭ ማብራት ያስፈልጋል። ታቦች የመጡት በ7ኛው ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን በጂና ቲ ይታለፋሉ።

የአማርኛ ኪቦርድ ሲበራ

ይህ ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የእንግሊዝኛ መመሪያዎችም ብዙም አይነኩትም። እንደ ኪማን ያለ የአማርኛ መጻፊያ በርቶ ቪም ውስጥ ጂና ቲ ቢጫኑ፣ ለኤዲተሩ የሚደርሰው ትእዛዙ ሳይሆን «ግ» እና «ት» ነው። ኮለንም በብዙዎቹ አቀማመጦች «፡» ይሆናል። ቪም እነዚህን እንደ ትእዛዝ አያውቃቸውምና ፋይሉ ባለበት ይቆያል። ችግሩ ከኤዲተሩም ከኪቦርዱም ብልሽት የመጣ አይደለም፤ ያለ ኮንትሮል በፊደል ቁልፍ ብቻ የሚታዘዝ አቋራጭ የሚገጥመው ነው። በቅድሚያ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ግድ ይላል። ኮንትሮልና ታብ ወይም ኮንትሮልና ፔጅ ዳውን ግን ፊደል ስለሌለበት አማርኛው እንደበራ ይሠራል። አማርኛ ጽሑፍና ኮድ በአንድ ጊዜ ለሚያዘጋጅ ሰው በእነዚህ መልመድ ይሻላል።

ኢማክስ የተባለው ኤዲተር በዚህ ረገድ ልዩ ክብር ይገባዋል። ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ የጻፈለት የግዕዝ ፊደል መጻፊያ በውስጡ አለ፤ በኮንትሮልና ወደኋላ ባዘነበለው መስመር (\) ይበራል፣ ይጠፋል። መጻፊያው የሚለውጠው ወደ ጽሑፉ የሚገቡትን ፊደላት ብቻ ነው። ስለዚህ ኮንትሮልና ኤክስ፣ ቀጥሎ ቢ የሚለው የፋይል መቀየሪያ አማርኛ እየተጻፈም ይታዘዛል፤ ከዚያ ኢንተር ብቻ ቢጫኑ ቀድሞ ወደነበሩበት ይመለሳል። ኮንትሮልና ኤች፣ ቀጥሎ ኤች ሲጫን በሚከፈተው የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ ገጽ ላይም የአማርኛው «ሠላም» በራሱ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

የዊንዶውስ 11 ኖትፓድ እ.ኤ.አ. በ2023 ታብ ስላገኘ በኮንትሮልና ታብ ይቀያይራል። ዊንዶውስ 7 ወይም 10 በተጫነባቸው ማሽኖች ኖትፓዱ ታብ ስለሌለው እያንዳንዱ ፋይል በየራሱ መስኮት ይከፈታል፤ መቀያየሪያውም ኦልትና ታብ ነው።