የጊዜ ጉዞ ፓራዶክስ ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ፣ ቡና ይዘው ስለ ፊልም ከሚከራከሩ ልጆች መሃል ብትቀመጡ ስለ «ዘ ታይም ማሽን» የምትሰሙት ያው ነው፦ «የድሮው ይሻላል!» እኔ ግን በ2002 እ.ኤ.አ. ለወጣው ሪሜክ፣ ማለትም እንደ አዲስ ለተሠራው ፊልም፣ እሟገታለሁ። ምክንያቴ ፓራዶክስ ነው።

ፓራዶክስ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ሐሳብ ነው። የአንድ ሰው ወንድም ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ በመኪና አደጋ ሞተ እንበል። ሐዘኑ አላስቀምጥ ያለው ሰው የጊዜ ማሽን ሠራ። ወደዚያ ጠዋት ተመልሶ ወንድሙን ከመናኸሪያ አስቀረው። ጎሽ፣ ወንድም ተረፈ። ታዲያ ወንድሙ ካልሞተ ማሽኑን ለምን ይሠራል? ማሽኑ ካልተሠራስ ማን ተመልሶ አዳነው?

የፊልሙ መነሻ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1895 ያሳተመው ልብወለድ ነው። ጆርጅ ፓል በ1960 ፊልም አደረገው፤ በልዩ ኢፌክትም ኦስካር አገኘ። እዚያ ተጓዡን የሚገፋው በዋናነት የማወቅ ጉጉት ነው።

ሪሜኩ ግን ሐዘንን አመጣ። ዳይሬክተሩ ሳይመን ዌልስ የደራሲው የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ጋይ ፒርስ የሚጫወተው ሳይንቲስት እጮኛውን ኤማን ዘራፊ ይገድልበታል። ማሽኑን ሠርቶ ይመለሳል፣ ከዘራፊውም ያስጥላታል። እሷ ግን ወዲያው በሌላ አደጋ ትሞታለች። «ለምን?» እያለ ወደ ፊት ይጓዛል፤ እስከ 802,701 እ.ኤ.አ.። መልሱን የሚሰማው ከጠላቱ አፍ ነው፤ ጄረሚ አይረንስ ከሚጫወተው፣ ከመሬት በታች የሚኖሩት ሰው በል ፍጡራን የሞርሎኮች አለቃ። ማሽኑን ያሠራው የኤማ ሞት ነው። እሷ ብትኖር ማሽኑ አይኖርም ነበር። ስለዚህ በእሱ ሊያድናት አይችልም።

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ያን ቀን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ» ሲባል ያልሰማ የለም። ፊልሙ ይህንኑ ጸጸት ይዞ ወደ ፊዚክስ ጥያቄ ወሰደው። የመጨረሻው ክፍል ወደ ድብድብ መቸኮሉ አይካድም። ተጓዡ መልሱን የሚሰማበትን ዓይነት ትዕይንት ግን ብዙ የተወደሱ የጊዜ ጉዞ ፊልሞች ውስጥ አላገኘሁትም።

ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኢጎር ኖቪኮቭም ተቀራራቢ ሐሳብ አለው። ወደ ኋላ መሄድ ቢቻል እንኳ ፓራዶክስ የሚፈጥር ድርጊት ሊፈጸም አይችልም ይላል።

ፊልሙን ስታዩት አበባ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሽማግሌ ልብ በሏቸው። አላን ያንግ ናቸው፤ በ1960ው ፊልም የተጓዡን ጓደኛ ሆነው የተጫወቱት።