በተማሪዎች አሳማኝ ንግግር ላይ የሚታዩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የንግግር ዘዴ (እንደ ድግግሞሽና ጥያቄ ያለው) በመጨረሻ የሚጨመር ጌጥ ነው።»
መጀመሪያ አድማጩ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በምሳ ሰዓት ክፍት ይሁን። ይህን ሐሳብ የማያግዝ ዘዴ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይሰረዝ። ለ5 ደቂቃ ንግግር ሁለት ወይም ሦስት ዘዴ ይበቃል።

«በደጋገምኩ ቁጥር ንግግሬ ይጠነክራል።»
ብዙ ጊዜ ሦስት በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አድማጩ ሐሳቡን ትቶ ድግግሞሹን መቁጠር ይጀምራል። ቦታውም ወሳኝ ነው። ብዙ ተማሪዎች «እኛ ተማሪዎች... እኛ ተማሪዎች...» እያሉ መነሻውን ይደጋግማሉ። በአማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው፦ «ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ይዘጋል። ቅዳሜ ይዘጋል። በፈተና ሳምንት፣ አብዝተን በምንፈልገው ጊዜ፣ ይዘጋል።» ሦስተኛው ረዘም ማለቱ ሆን ተብሎ ነው፤ አድማጩ የሚመጣውን ግስ እያወቀ ይጠብቀዋል። ከመጨረሻው «ይዘጋል» በፊት ትንፋሽ ሰብሰብ አድርጉ፣ ድምፃችሁን ግን አትጨምሩ።

«ጥያቄ ሁልጊዜ አድማጭን ያነቃል።»
«ቤተ መጻሕፍት አያስፈልገንም ወይ?» ብሎ የጠየቀ፣ ከኋላ ወንበር «አያስፈልገንም!» ሊባል ይችላል። መልሱን ገምታችሁ ጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ሄዶ በሩ ተዘግቶ ያገኘ ማን ነው?» ከዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ። ዝምታው ያስፈራል፤ ስለዚህም ነው አብዛኛው ተማሪ ሳያርፍ ሌላ ጥያቄ ደርቦ የመጀመሪያውን የሚያበላሸው።

«ቃሉ 7 በመቶ ብቻ ነው፤ 93 በመቶው ድምፅና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው።»
በየሥልጠናው የሚነገረው ይህ ቁጥር የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች የተወሰደ ነው። ጥናቶቹ ያተኮሩት ሰው መውደዱን ወይም መጥላቱን ሲገልጽ ቃሉ ከድምፁና ከፊቱ ጋር ሲጋጭ አድማጭ የትኛውን እንደሚያምን ላይ ነው። ስለ ክርክርና ማስረጃ አልነበረም። ደካማ ማስረጃን የእጅ ውዝዋዜ አያድነውም።

«የተቃዋሚን ሐሳብ ማንሳት ራስን ማዳከም ነው።»
የሚያዳክመው አንስቶ ሳይመልሱ ማለፍ ነው። አድማጩ «የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች መቼ ምሳ ይብሉ?» ብሎ በልቡ እየጠየቀ ከሆነ የቀረውን በደንብ አይሰማም። ስለዚህ ቅሬታውን ሳታጣምሙ፣ ባለቤቱ ራሱ በሚናገርበት መንገድ አቅርቡት፤ ወዲያውም መልሱን ስጡ፦ ሁለቱ ሠራተኞች በተራ ይውጡ። ከዋናው ማስረጃችሁ በኋላ፣ ከመዝጊያው በፊት ቢገባ ይመረጣል። የመጨረሻው ቃል የእናንተ እንጂ የተቃውሞው አይሁን።

«ስሜት መንካት ማጭበርበር ነው።»
የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ስሜትን ከተናጋሪው ታማኝነትና ከማስረጃ ጋር እንደ አንድ የማሳመኛ መንገድ ቆጥሮታል። ነውሩ ማስረጃ በሌለበት ስሜትን ብቻ መቀስቀስ ነው።

«ሙሉውን መሸምደድ ያስተማምናል።»
አንድ ቃል ከጠፋ ተከታዩም አብሮ ይጠፋል። በቃል የሚያዙት መክፈቻው፣ መዝጊያውና ድግግሞሹ ናቸው፤ ለቀረው በትንሽ ካርድ ላይ ቁልፍ ቃላትን ብቻ ጻፉ።