ቢዲኤንኤፍ በደም ሲለካ፦ የሴረምና የፕላዝማ ውጤት ለምን ይለያያል?

ቢዲኤንኤፍ (BDNF) የነርቭ ሴሎችን እድገትና ትስስር የሚደግፍ ፕሮቲን ነው፤ በ1982 ከአሳማ አንጎል ተለይቶ ወጣ። በደም ውስጥ ግን አብዛኛው የሚገኘው በፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ በሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ውስጥ ተከማችቶ ነው። ደሙ ሲረጋ ፕሌትሌቶቹ ይለቁታል፤ ስለዚህ በሴረም (ደም ከረጋ በኋላ በሚለየው ፈሳሽ) ያለው መጠን በፕላዝማ (እንዳይረጋ ከተደረገ ደም በሚለየው ፈሳሽ) ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማወዳደር ከባድ ስህተት ነው። ለሴረም የተቀዳው ደም ሁሉ እኩል ጊዜ፣ ለምሳሌ 60 ደቂቃ፣ መርጋት አለበት፤ ቀድሞ በሴንትሪፊውጅ (ደምን አሽከርክሮ በሚለይ ማሽን) ከተሽከረከረ ውጤቱ ዝቅ ይላል። በፕላዝማ ግን ፕሌትሌት በደንብ ካልተወገደ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል።

ስኪዞፍሬኒያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) ወይም ከባድ ድብርት ባለባቸው ሰዎች አማካይ መጠኑ ዝቅ ብሎ ይታያል። አማካይ ግን የቡድን ነው፤ የታማሚውና የጤነኛው ውጤት በእጅጉ ስለሚደራረብ በዚህ ቁጥር ብቻ በሽታን ማረጋገጥም ሆነ መድኃኒት መቀየር አይቻልም።