ስለ ጌም ኤሊየኖች ሎር በተሳሳተ መንገድ የሚወሩ ነገሮች እና እውነታው

ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ከልጆች ጋር ስለ ኤሊየኖች ሎር፣ ማለትም ጌሙ ውስጥ ስላለው የየዝርያው ታሪክ ስንከራከር አመሸን፣ አንዱ የፖሊ ልጅ "ሁሉም ጌም ቁጥር 2 ሲወጣለት የራሱን ታሪክ ያፈርሳል" ብሎ ድርቅ አለ። እዛው ጨርሼ ስላልመለስኩለት እዚህ ልጻፈው (ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

"ጄኖፌጅ ክሮጋኖችን መካን አድርጓል፣ ታዲያ አሁን ያሉት ልጆች ከየት መጡ?"

ማስ ኢፌክት የሚባለው ጌም ላይ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ክሮጋኖች የኤሊየን ተዋጊ ዝርያ ናቸው፣ ጄኖፌጅ ደሞ መራባታቸውን ለመቀነስ የተለቀቀባቸው በሽታ ነው። መካን አላደረጋቸውም! የክሮጋን ሴት በዓመት እስከ 1000 እንቁላል ልታፈራ ትችላለች፣ ጄኖፌጅ ከገባ በኋላ ግን ከ1000 እርግዝና በሕይወት የሚወጣው አንድ ገደማ ነው። ሁለተኛው ጌም (2010) ላይ ጄኖፌጅ ላይ የሰራው ሳይንቲስት ሞርዲን በዛ በተቆራረጠ ፈጣን አነጋገሩ ያስረዳሃል፣ ዓላማው ማጥፋት ሳይሆን የመራባት መጠናቸውን ኢንዱስትሪ ሳያውቁ ወደነበረበት መመለስ ነው ይልሃል። ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልህ። መካን የሆነ አያረግዝም፣ እነሱ ግን እያረገዙ ነው የሚቀብሩት፣ የክሮጋኖቹ ፕላኔት ቱቻንካ ስትገባ የምታየው ቁጣና ተስፋ መቁረጥ የሚገባህም ይሄን ስታውቅ ነው። ደሞ "ሳላሪያኖች (የሞርዲን ዝርያ) ለቀቁባቸው" ይባላል፣ የሰሩት እነሱ ናቸው፣ የለቀቁት ግን ቱሪያኖች የሚባሉት ሌላ ዝርያ ናቸው።

"ቮርቲጎንቶች ያለ ምክንያት ጠላት ከነበሩበት ወዳጅ ሆኑ"

ሃፍ ላይፍ 1ን (1998) ክፈትና አንዱን ቮርቲጎንት ቀረብ ብለህ እየው፣ አንገቱ ላይ ቀለበት አለ፣ እጁ ላይም እንደ ካቴና ያለ ነገር። የጌሙ ፋይል ውስጥ ራሱ ስማቸው "ኤሊየን ስሌቭ" ነው፣ ባሪያ ማለት ነው። ዜን በሚባለው የኤሊየኖቹ ዓለም ላይ ፋብሪካው ውስጥ ስትገባ የሚሰሩትን ካልነካሃቸው አይነኩህም፣ እኔ መጀመሪያ ስጫወት ሁሉንም ጨረስኳቸው፣ በኋላ ሲገባኝ ከልቤ አዘንኩ። ጌታቸውን ኒሂላንትን ጎርደን (የምንጫወትበት ሰው) ሲገድለው ነፃ ወጡ። ሃፍ ላይፍ 2 (2004) ሲጀምር ደሞ ባቡር ጣቢያው ውስጥ አንዱ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ወለል ይጠርጋል፣ ምድርን የያዘው ኮምባይን የሚባለው የኤሊየን ኃይል እንደገና ባሪያ አድርጎታል። ታሪኩ የትም አልፈረሰም፣ ከመጀመሪያው አንገታቸው ላይ ነበር።

"ፕሮቶስ አፍ የለውም፣ ስለዚህ ስህተት ነው"

ብርሃን በቆዳው ይመገባል፣ በሀሳብ ያወራል። ፕሮቶስ ያለበት ጌም ስታርክራፍት ከ1998 ጀምሮ ብሎታል፣ አለቀ።

"ጌዞች በሙሉ ጠላት ነበሩ፣ ሊጅንን ሲያመጡ ሎሩን ቀየሩት"

ማስ ኢፌክት 1 (2007) ላይ የተዋጋናቸው ጌዞች፣ ማለትም እነዛ ሮቦቶች፣ ሶቨረን የሚባለውን ግዙፍ የማሽን መርከብ የተከተሉት ናቸው። ሁለተኛው ላይ ከኛ ጋር የሚሰለፈው ጌዝ ሊጅን መጥቶ እነሱ ተገንጥለው የወጡ ጥቂቶች እንደሆኑ፣ አብዛኛው ከቤቱ እንዳልወጣ ይነግረናል። ፀሐፊዎቹ በኋላ አስበውት ሊሆን ይችላል፣ ግን ከበፊቱ ጋር አይጋጭም፣ ምክንያቱም 1 ላይ ስለ ጌዞች የሰማነው እነሱን በሩቅ ከሚፈሩ ሰዎች አፍ ነው።

እዚህ እኛው ሐይቅ ውስጥ ያለውን ነጭ አሳ አስቡት። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው መልኩ የሚለያይ አንድ ዝርያ ነው ብለው ነበር፣ በ1990ዎቹ ግን ለይተው ሲያጠኑት ከ10 በላይ ዝርያ ሆኖ ተገኘ፣ ግማሽ ያህሉ ደሞ ሌላ አሳ በልተው የሚያድሩ። መንጋጋቸው ላይ ግን ጥርስ የለም! ልጅ እያለሁ አጎቴ አሳ ሲያጸዳ ጉሮሮውን ከፍቶ አሳይቶኛል፣ ጥርሱ እዛ ውስጥ ነው የተደረደረው። ይሄን ጌም ውስጥ ብናገኘው "ጥርስ የሌለው አሳ አሳ ይበላል? ሎሩ ተበላሸ" እንል ነበር። አሳው አልተቀየረም፣ ስለሱ የምናውቀው ነው የተቀየረው።

"ጎበዝ ፋን ለሁሉም ነገር ማብራሪያ ያገኛል"

ይሄም ልክ አይደለም። ሄሎ የሚባለው ጌም ላይ ፎርራነሮች ቀለበት የሚመስሉትን ግዙፍ የጦር መሣሪያዎች የሰሩ የጥንት ዝርያ ናቸው። ሄሎ 3 (2007) መጨረሻው ላይ የቀለበቱ ጠባቂ ማሽን ጊልቲ ስፓርክ የምንጫወትበትን ወታደር ማስተር ቺፍን ፊት ለፊት አንተ ፎርራነር ነህ ይለዋል፣ ሄሎ 4 (2012) ላይ ደሞ ራሷ ፎርራነር የሆነችው ላይብረሪያን የሰው ልጅና ፎርራነር ሁለት የተለያዩ፣ እንዲያውም የተዋጉ ዝርያዎች እንደነበሩ ትናገራለች። "ስፓርክ አብዶ ነው" የሚሉ አሉ፣ ግን ያ ንግግር ከ1 ጀምሮ ቀለበቶቹን ለማስነሳት ሰው ለምን እንደሚፈለግ ለጠየቀ ሁሉ መልስ ሆኖ ነበር የመጣው። እዚህ ጋ አሳው ራሱ ነው የተቀየረው፣ ያ የፖሊ ልጅም በዚህኛው ልክ ነው።