የበረራ እገዳ ዝርዝርና የስለላ መረጃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወደ አሜሪካ ከሚደረግ በረራ ጀርባ ስላለው የስለላ መረጃ ልውውጥ ብዙ የተዛባ ወሬ ይነገራል። ወሬው ተጓዡን ያለ ምክንያት ያስፈራዋል፤ መብቱንም ሳያውቅ ያስቀረዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001ዱ ጥቃት አሜሪካ ላይ የደረሰው የስለላ ድርጅቶቹ የአውሮፕላን ጠላፊዎቹን ስላላወቋቸው ነው።»

እውነታው ከዚህ የከፋ ነው። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ከጠላፊዎቹ አንዱን፣ ኻሊድ አል ሚኽዳርን፣ ከጃንዋሪ 2000 ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ የአሜሪካ ቪዛ እንዳለውም ጭምር። ስሙ ለቪዛና ለድንበር ቁጥጥር በሚያገለግለው መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን ኦገስት 24 ቀን 2001፣ ጥቃቱ ሊደርስ 18 ቀን ሲቀረው ነው። ያ መዝገብ ከ60 ሺህ በላይ ስሞች ነበሩት። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ለአየር መንገዶች የሰጠው የበረራ እገዳ ዝርዝር፣ ማለትም እንዳይሳፈሩ የተከለከሉ ሰዎች ስም ዝርዝር፣ ደግሞ 12 ስም ብቻ ይዞ ነበር። እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት በዚያ ዕለት አል ሚኽዳርና ጓደኛው ናዋፍ አል ሃዝሚ በገዛ ስማቸው በቆረጡት ቲኬት ተሳፈሩ። አውሮፕላኑ የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በሆነው ፔንታጎን ላይ ተከሰከሰ።

«ከዚያ ወዲህ መረጃው ሁሉ አንድ የመረጃ ቋት ስለገባ ክፍተቱ ተደፍኗል።»

አልተደፈነም። በኖቬምበር 2009 አንድ ናይጄሪያዊ አባት አቡጃ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄደው ልጃቸው የመን ውስጥ ከአክራሪዎች ጋር ሳይገጥም እንዳልቀረ ተናገሩ። አንድ አባት በልጁ ላይ እንዲህ ብሎ ለመናገር ምን ያህል አንጀቱን ማሠር እንዳለበት የወለደ ያውቀዋል። ቃላቸው ተመዘገበ፤ የልጁ ስምም ማዕከላዊው ቋት ውስጥ ገባ። ነገር ግን የውጭ ጉዳይ ሠራተኞች ስሙን በተሳሳተ አጻጻፍ ስለፈለጉት ቪዛ እንዳለው አላዩም፤ ወደ እገዳው ዝርዝርም አልተሸጋገረም። ልጁ በፈረንጆች ገና ዕለት ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት ሲበር በውስጥ ልብሱ የሸሸገውን ፈንጂ ለኮሰ። ደግነቱ ፈንጂው በወጉ አልፈነዳም፤ ተሳፋሪዎችም ተረባርበው ያዙት።

«ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሰው አንድ ነገር ቢያደርግ ነው።»

በ2004 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) አንድ መርማሪ ስለ አንዲት ማሌዥያዊት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ቅጽ ሲሞላ ምልክቱን ማድረግ በማይገባው ሣጥን ውስጥ አደረገ። በዚህ ሰበብ ስሟ የእገዳው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ጃንዋሪ 2005 ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በካቴና ታሰረች። ፍርድ ቤት ስህተቱ ከየመዝገቡ እንዲታረም የወሰነው በ2014 ነው። ዘጠኝ ዓመት! መረጃ ሲጋራ ስህተቱም አብሮ ይጋራል፤ ከቋት ወደ ቋት በተላለፈ ቁጥር ምንጩን የሚጠይቅ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

«ያላሳፈረችኝ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ምክንያቱን ታውቃለች።»

አታውቅም። አየር መንገዱ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ይልካል፤ ስሞቹን ከዝርዝሩ ጋር የሚያመሳክረው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር ነው። እሷ ዘንድ የሚደርሰው ውሳኔው ብቻ ነው።

«ስሜ ከሌላ ሰው ስም ጋር ከተመሳሰለ ምንም ማድረግ አይቻልም።»

ይቻላል። በላቲን ፊደል መሐመድ የሚለው ስም ብቻ ስንት ዓይነት አጻጻፍ አለው! ስለዚህ ቲኬቱ ላይ የሚሰፍረው ስም የአያት ስም ሳይቀር ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን። በተደጋጋሚ የሚጉላላ ሰው፣ የአሜሪካ ዜጋ ባይሆንም፣ ለአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የሚሰጠውንም መለያ ቁጥር ቲኬት ሲቆርጥ ያስመዘግባል።

«ልውውጡ የሚያስፈልገው ተሳፋሪን ለመለየት ብቻ ነው።»

አይደለም፤ የትኛው ሰማይ ለበረራ አደገኛ እንደሆነ ለማወቅም ያስፈልጋል። ጁላይ 17 ቀን 2014 የማሌዥያ አየር መንገድ አውሮፕላን በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ በሚሳይል ተመትቶ 298 ሰዎች አለቁ። ዩክሬን ከሦስት ቀን በፊት ከ32 ሺህ ጫማ በታች ያለውን የአየር ክልል ዘግታ ነበር፤ አውሮፕላኑ ይበር የነበረው በ33 ሺህ ጫማ ላይ ነው። አንዳንድ አየር መንገዶች አስቀድመው መንገዳቸውን ቀይረዋል። ሆኖም አካባቢው እስኪዘጋ ድረስ በዚያው ዕለት 160 የመንገደኛ በረራዎች በላዩ አልፈዋል።